ሜዳሊያው ለማን ይድረስ? ከጅማ የተነሣ አንድ የቀዶ ሕክምና ምርምር

ሐኪምን በምርምር ሥራው ስንሸልም ምኑን ነው የምንሸልመው? ያሳተመውን ጽሑፍ? ያዳነውን ሰው? ወይስ የደረሰበትን ማዕረግ? በደፈናው ከማውራት አንድ የተሠራ ሥራ ይዞ መነጋገር ይሻላል። እኔ የመረጥኩት የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳያመረቅዝ የተደረገ ጥረት ነው። ሥራው ክሊን ከት ይባላል። ላይፍቦክስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ያዳበረው ነው። ቀድሞ የተሞከረውም እዚሁ ጅማ፣ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ነው።

የመረጥኩት ጅማን ስለሚነካ ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ውስጥ አዲስ መድኃኒት የለም። አዲስ ማሽን የለም። ከዚህ በፊት ያልታወቀ የቀዶ ሕክምና ዘዴም የለም። ሆኖም ሰው ከኢንፌክሽን ድኗል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሽልማት ኮሚቴ በቀላሉ አያየውም። ቢያየውም ለማን እንደሚሰጥ ይቸገራል።

ችግሩ ከሕመምተኛው በኩል ሲታይ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ነው። ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያገለግላል ይባላል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከበደሌ፣ ከዳውሮ ሰው ይመጣል። አንጀቱ የተጠማዘዘበት፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት፣ ምጥ የጠናባት፣ በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ፣ ሁሉም የሚላከው ወደዚያ ነው። ብዙው እዚያ የሚደርሰው ሌላ ቦታ ሞክሮ፣ ገንዘቡንም ጊዜውንም ጨርሶ ነው።

እንበል ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ሰውዬው ተሻለውና ቤቱ ገባ። ከሳምንት በኋላ ቁስሉ ቀላ፣ አበጠ፣ መግል ያዘ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው። እንደገና መኪና፣ እንደገና አልጋ፣ እንደገና አንቲባዮቲክ። አስታማሚውም ሥራውን ጥሎ አብሮ ይመለሳል። የቡና ለቀማ ሰሞን ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ የዓመት ገቢውን ሊያጣ ይችላል።

አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም። እዚያው ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቁስሉን ያሳጥባል፤ ወይም እቤቱ ይተኛል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራለት ሐኪም ይህን አያውቅም። ካርዱ ላይ የተጻፈው «ተሽሎት ወጣ» የሚል ነው። ሐኪሙ አልዋሸም። በወጣበት ቀን በእርግጥም ተሽሎት ነበር።

ስለዚህ ይህን ችግር ማጥናት የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንዱ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በዐይን ማየት ነው። ሌላው ሕመምተኛው ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ማወቅ ነው። ከሁለቱ ሁለተኛው ይከብዳል።

ምን ተሠራ?

ክሊን ከት ስድስት ነገሮች ላይ ያተኩራል። የቀዶ ሐኪሙ እጅና የሕመምተኛው ቆዳ በአግባቡ መጽዳት አለበት። ጋውኑ፣ ጓንቱና መሸፈኛው ጨርቅ ያልተቀደደና ንጹሕ መሆን አለበት። መሣሪያዎቹ ከጀርም ነፃ መሆናቸው በግምት ሳይሆን በምልክት ይረጋገጣል። የመከላከያ አንቲባዮቲኩ በሰዓቱ ይሰጣል። ደም የሚመጥጠው ጨርቅ፣ ጎዝ፣ ይቆጠራል፤ የገባው በሙሉ መውጣቱ ይታያል። ስድስተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት መጠቀም ነው። ያ ቼክሊስት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲወጣ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር።

«ይሄንንማ የማያውቅ ማን አለ?» ሊባል ይችላል። ልክ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ግን እዚያ ላይ አልነበረም።

ስለ ሥራው የመጀመሪያ ዙር እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጽሑፍ አለ። በአንድ ትልቅ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ውስጥ የተደረገውን ይተርካል። ባለሙያዎቹ ያደረጉት ነገር ሠራተኛውን ሰብስቦ ማሠልጠን ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በማን እጅ እንደሚያልፍ በሥዕል አስቀመጡት። አንቲባዮቲኩ የሚሰጠው የት ነው? ማን ይሰጣል? ስንት ሰዓት ላይ? መሣሪያው ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ማሽን) ሲወጣ በትክክል መቀቀሉን ማን ያያል? ይህን የሠሩት ከውጭ የመጣ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪምና የኦፕሬሽን ክፍሉ የራሱ ሠራተኞች አብረው ነው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ምክንያቶቹ ብቅ አሉ። በአልኮል የተሠራው የእጅ ማጽጃ ቆዳ እያሳከከ ስለሚያስቸግር ሰው ይሸሸው ነበር። አንቲባዮቲኩ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ውጭ ስለሚሰጥ ሰዓቱ ይለያይ ነበር። መሣሪያ ከጀርም ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር አልነበረም። ጎዝ አቆጣጠሩም መመሪያው፣ የሰው ኃይሉና ሥልጠናው አልተገጣጠመም ነበር። ከነዚህ ውስጥ በስንፍና የመጣ የለም። ሁሉም በአሠራር የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ በአሠራር ሊስተካከሉ ይችላሉ። ሥራው ለማን እንደሆነ በግልጽ ሲከፋፈል አብዛኞቹ ተሻሻሉ።

ከዚያ ሥራው ሰፋ። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 እስከ ጥቅምት 2018 በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተካሄደ። ውጤቱም በ2021 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሰርጀሪ ላይ ወጣ። ከመሻሻሉ በፊት ቡድኖቹ ከስድስቱ ነገሮች በአማካይ 2.9 ያህሉን ብቻ ያሟሉ ነበር። በኋላ 4.5 ደረሱ። ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድል 35 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩ ሰፊ የግምት ክልል አለው፤ ትክክለኛው ቅነሳ ከዚህ በጣም ያነሰም ከዚህ የበለጠም ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ለሕንፃ ወይም ለውድ ዕቃ ወጪ ሳይወጣ የመጣ ለውጥ ነው።

98 በመቶ

ከዚህ ጥናት ውስጥ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ቁጥር ግን 35 አይደለም። 98 ነው።

ጥናቱ 2213 ቀዶ ሕክምናዎችን አየ። ሕመምተኞቹ 2202 ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ የ2159ኙ የ30 ቀን ክትትል ተጠናቀቀ። 98 በመቶ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሀብታም ሀገርም ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

እዚህ ሀገር ሕመምተኛ መከታተል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስልኩ የወንድሙ ነው፤ ወንድሙ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው። ቁጥሩ ሲመዘገብ አንድ ዲጂት ተሳስቷል። ኔትወርክ የለም። ወይም ስልኩ ይነሣል፤ ያነሣችው እናት ግን የምትሰማው ካፍኛ ነው፣ ደዋዩ የሚያውቀው አማርኛና ኦሮምኛ ነው። ተርጓሚ ይፈለጋል። ሌላ ቀን ይደወላል። ከዚያ ደግሞ ትክክለኛው ጥያቄ መጠየቅ አለበት። «ደህና ነዎት?» ብቻ ከተባለ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ሰው ታሞም ያመሰግናል። ቁስሉ ፈሳሽ አለው ወይ፣ ትኩሳት ነበረዎት ወይ፣ ሌላ ቦታ ታክመዋል ወይ ተብሎ አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት።

ይህን ሥራ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ነርስ፣ ጁኒየር ሐኪም ወይም ለመረጃ ሰብሳቢነት የተቀጠረ ሰው ነው። ያለ እሱ 35 የሚባለው ቁጥር የለም። ስሙ ግን ከታተመው ጽሑፍ መጨረሻ «እናመሰግናለን» የሚለው ላይ ቢገኝ ነው።

ጅማ ለዚህ ዓይነት ክትትል እንግዳ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲመሠረት፣ ከእሱ በፊት የነበረው የጤና ሳይንስ ተቋም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውን ሥርዓት ይዞ ነው የገባው። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ቀበሌ ይወርዳል፤ ቤት ለቤት ይዞራል። በጊልጌል ጊቤ አካባቢ ያለው የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጣቢያም ልደትንና ሞትን በየቤቱ እየመዘገበ ለዓመታት ቆይቷል። ሰውን ከበሩ ድረስ ሄዶ መጠየቅ በዚህ ከተማ የጤና ትምህርት ውስጥ የተለመደ ነገር ነው።

ቀዶ ሐኪሙስ ምን አደረገ?

አሁን ሰው «ታዲያ ሐኪሙን ልታሳንሰው ነው?» ይለኝ ይሆናል። በፍጹም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ የቀዶ ሐኪሙ ድርሻ ትልቅ ነው። ግን ሽልማት ስናስብ ከምናስበው የተለየ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የሠራቸው ሰዎች ቁስል ሲያመረቅዝ እንዲቆጠር ፈቀደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክትትል የሌለበት ክፍል ኢንፌክሽኑ ትንሽ ይመስላል። ክትትል ሲጀመር ቁጥሩ ይወጣል። የጨመረው ኢንፌክሽኑ ሳይሆን የሚያየው ዐይን ነው። በዚያ ወር ሪፖርት ብቻ ብናወዳድር የሚቆጥረው ሐኪም ከማይቆጥረው የባሰ ይመስላል። የዓመቱ ምርጥ ሐኪም በሪፖርት ማማር ብቻ ከተመረጠ ዋንጫው የሚደርሰው ላልቆጠረው ነው። ይሄ የሚያሳስብ ነገር ነው። ሰውን በማየቱ ቀጥተን፣ ባለማየቱ እንሸልመዋለን።

ሁለተኛም አለ። በኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሲኒየር የተባለው ቀዶ ሐኪም ትልቅ ሥልጣን አለው። መሣሪያ የምታቀብለው ስክራብ ነርስ «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ጎድሏል» ስትለው ሁለት መንገድ አለው። ተቆጥቶ «ቁጠሪ፣ አለ» ሊላት ይችላል። ወይም እጁን አቁሞ አብሯት ሊፈልግ ይችላል። ቼክሊስት የሚሠራው ሁለተኛው ዓይነት ሰው ባለበት ክፍል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሐኪም ሲገኝ እኔ ሽልማት ይገባዋል እላለሁ። አንድም ጽሑፍ ባያሳትም እንኳ።

ስም የሚቀመጥበት ቦታ

የ2021ዱን ጽሑፍ ስታዩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ስም ውጭ ሀገር ካለ ተቋም የመጡ ሐኪሞች ናቸው። መሀል ላይ በርካታ ኢትዮጵያውያን አሉ። በሕክምና ምርምር የመጀመሪያው ስም የጻፈው ሰው ነው፤ የመጨረሻው ሥራውን የመራው ነው። መሀል ያለውን አንባቢ አያስታውሰውም። ይህን ስል ማንንም መክሰሴ አይደለም። የጻፈ ሰው ስሙ ይቅደም፤ ያስተባበረም ስሙ ይውጣ። ኢትዮጵያውያኑ በስማቸው መካተታቸውም ከዚህ በፊት ከነበረው ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ነገር ግን በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማደግ ጽሑፍ ይቆጠራል። የደራሲነት ተራውም ይታያል። በዚህ ሚዛን ኦፕሬሽን ክፍሉን የለወጠው ሐኪም ስሙ ሰባተኛ ላይ ከሆነ ብዙ አያነሣለትም። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መስፈርትም አለ። ደራሲ ለመባል ሥራውን በማቀድ ወይም መረጃውን በማግኘትና በመተንተን በጉልህ መሳተፍ፣ መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለሥራው ኃላፊነት መውሰድ አራቱም ያስፈልጋሉ። መስፈርቱ ጥሩ ነው፤ ሳይሠራ ስሙን የሚያስገባ አለቃን ይከላከላል። መረጃ ሰብስቦ ለመጻፍ ግን ዕድል ያላገኘ ሰው በዚሁ መስፈርት ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የጽሑፉ ስም ዝርዝር የሽልማት ዝርዝር ሊሆን አይችልም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚመልሱት።

ሌሎች እንዴት ተሸለሙ?

ቀዶ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ሰውዬው ቴዎዶር ኮከር ይባላል፤ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ይሠራ ነበር። ያጠናውም እንቅርትን ነው። እንቅርት ለእኛ አካባቢ የታወቀ ሕመም ነው፤ አዮዲን በሚያንስበት ደጋ ይበዛል፤ የስዊዘርላንድ ተራሮችም እንዲሁ ነበሩ።

ኮከር እጁ የተባረከ ነበር። በእሱ ዘመን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰው ይገድል ነበር። እሱ ሞቱን በመጨረሻ ከ1 በመቶ በታች አወረደው። ግን አንድ ሐኪም ስለ አንዲት ልጅ ነገረው። ኮከር እንቅርቷን ሙሉ በሙሉ አውጥቶላት ነበር፤ በኋላ ግን ልጅቷ ደነዘዘች፣ እድገቷም ቆመ። ኮከር ዝም አላለም። የድሮ ሕሙማኑን መልሶ ጠራቸው፣ አያቸው። ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ብዙዎቹ እንዲሁ ሆነው አገኛቸው። ይህንንም በ1883 ለሙያ ባልደረቦቹ በግልጽ ተናገረ። ሲያብጥ እንቅርት የሚሆነውን የአንገት ዕጢ፣ ታይሮይድን፣ ሙሉ በሙሉ ማውጣትም ተወ። የዕጢው ጥቅም ለዓለም የታወቀው በከፊል በዚህ መንገድ ነው። ኖቤል ሲሰጠው ከእጁ ቅልጥፍና ጋር ይህም ተቆጥሮለታል። መልሶ ባይጠራቸው ኖሮ መዝገቡ ላይ ሁሉም «ተሽሎት ወጣ» ነበሩ።

ከ1883 እስከ 1909 ሃያ ስድስት ዓመት ነው። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከሥር ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ያገኙት በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት አለፈ።

በዚያው በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያውን የአዲስ አበባን ፊስቱላ ሆስፒታል ለመሠረቱት ሐኪሞች፣ ለሐምሊን ባልና ሚስት፣ ሲሰጥ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼንም አብሮ ሸለማቸው። ማሚቱ ወደ ሐምሊኖቹ የመጡት በፊስቱላ፣ ማለትም ምጥ ሲጠና በሚደርስና ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣ ጉዳት፣ ታመው ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም። ከታከሙ በኋላ እዚያው እየረዱ፣ እያዩ፣ እየተማሩ ቆይተው ፊስቱላ የሚጠግኑ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ሆኑ። ኮሌጁ ዲግሪያቸው የት አለ አላለም። የሠሩትን አየ። እኛ ጋ ይህ ለምን እንደሚከብድ አይገባኝም።

ለጅማ ምን ይሁን?

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በጅማ የሕክምና ምርምር ሲሸለም ከጽሑፉ በፊት ሕመምተኛው ይጠየቅ። ጥናቱ ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንቱን እስከ መጨረሻ ተከታተለ? ይህን ያልመለሰ ጥናት፣ መጽሔቱ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ለውድድር አይቅረብ። ከዚያ የተገኘው ነገር ዛሬም በክፍሉ ውስጥ ይሠራበታል ወይ ይባል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚቆም ማሻሻያ ብዙ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ቆጠራውም ያልቃል።

ሽልማቱ ሲሰጥ ዋናው ሐኪም ካባውን ይልበስ፤ ደስ ይለኛል። ግን አብሮ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የስክራብ ነርሷን፣ የማደንዘዣ ባለሙያውን፣ አውቶክሌቭ ላይ የሚሠራውን፣ ስልክ የደወለውን ስም በሙሉ ይያዝ። የምስክር ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ለመስቀል ብቻ አይሁን። በነርሷ የሥራ ፋይል ውስጥ ይግባ፤ ለትምህርት ዕድል ስትወዳደር ነጥብ ይሁናት። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም። የደብዳቤው ግልባጭ ወደ ሰው ሀብት መላኩ በቂ ነው።

ተሸላሚው ሐኪም በጅማ ለሚታተመው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት ስለ ሥራው ቢጽፍም ጥሩ ነው። መጽሔቱ እዚሁ ስላለ የአካባቢው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) በነፃ ያነበዋል። ያልሠራለትንም ነገር ቢጨምርበት በተለይ ለጀማሪው ይጠቅማል። የእጅ ማጽጃው ቆዳ ያሳክክ እንደነበረ የሚናገር አንድ አንቀጽ፣ ነገ ሌላ ሆስፒታል ለሚጀምር ሰው ወራት ይቆጥብለታል።

አንድ የሚያስቸግር ነገር ይቀራል። ሬዚደንት ይመረቃል፤ ነርስ ትዛወራለች፤ መረጃ ሰብሳቢው ኮንትራቱ ያልቃል። ኮከርና ዶክተር አክሊሉ የጠበቁትን ያህል ብንጠብቅ ግማሹ ቡድን የት እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ሽልማቱ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ክትትሉ እንዳለቀ፣ ቡድኑ ሳይበተን፣ እዚያው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ይሁን። ትልቁ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሰጥ። በዚያን ጊዜ ኮሚቴው ፋይል ከማገላበጡ በፊት አንድ ጠዋት ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ ይቁም፤ ጎዙ እየተቆጠረ መሆኑን፣ አንቲባዮቲኩም በሰዓቱ መሰጠቱን በዐይኑ ይይ። የተዛወሩትንም በስልክ ያግኛቸው። 2159 ሕሙማንን ያገኘ ቡድን ስለሆነ የእነሱን ቁጥር መያዝ አይከብድም።